ምርመራው ነፃ፣ ዕቃው የባለቤቱ፦ በአዲስ አበባ የታመነ ጋራዥ የመምረጥ ችግርና የተጠያቂነት ጥያቄ

መግቢያ

አንድ የመኪና ባለቤት ከቃሊቲ ወደ መሀል ከተማ ሲጓዝ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ወደ ቀዩ መስመር ሲጠጋ አየ እንበል። ጥግ ይዞ ኮፋኖውን ሲከፍት ከራዲያተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት ይወጣል። በአቅራቢያው ካለ ጋራዥ የተጠራው መካኒክ ለጥቂት ደቂቃ ከተመለከተ በኋላ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ቴስታታው መውረድ አለበት» ይላል። ባለቤቱ ከዚህ ዓረፍተ ነገር በትክክል የሚገባው «መውረድ አለበት» የሚለው ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል። ይስማማል፤ ሥራው ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፤ ሂሳቡ ይከፈላል፤ መኪናውም ዳግመኛ አይሞቅም። ባለቤቱ አመስግኖ ይሄዳል፤ የመካኒኩንም ስልክ ለወዳጆቹ ይሰጣል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሳይመለስ የቀረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ጓርኒሲዮኑ በእርግጥ ተቃጥሎ ነበር ወይ? ለሞተር መሞቅ ምክንያት የሚሆኑ ነገሮች ብዙ ናቸው። የላላ የውሃ ቱቦ ማሰሪያ፣ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ መዞር ያቆመ ማራገቢያ፣ በዝገት የተደፈነ ራዲያተር፣ ያረጀ የውሃ ፓምፕ፣ አልፎም የራዲያተሩ ክዳን ራሱ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው በአዲስ አበባ ልዩ ትኩረት ይሻል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በዘወትር ሥራው ላይ ሳለ ወደዚህ መጠን የተጠጋ ሙቀት አለው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲደክም ሞተሩ ፍጹም ጤነኛ የሆነ መኪና ሊያፈላ ይችላል። ክዳን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ቴስታታ ማውረድ ግን የቀናት።

ነገሩን የሚያወሳስበው ቴስታታው በወረደበት ጋራዥ ክዳኑም አብሮ መቀየሩ፣ ቱቦውም መጥበቁ፣ ውሃውም ታጥቦ እንደገና መሞላቱ ነው። ስለዚህ መኪናው መሞቁን ማቆሙ ምርመራው ትክክል እንደነበር አያስረዳም። የተፈወሰው በትልቁ ጥገና ይሁን በትንሹ ባለቤቱ አያውቅም፤ በሐቅ የሠራ መካኒክም ቢሆን ሁልጊዜ አያውቅም።

የታመነ ጋራዥ ምርጫ ዘወትር የሚታየው እንደ ሰው ምርጫ ነው፤ «ሐቀኛው መካኒክ ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ወደ አሠራር ይመልሰዋል። በከተማዋ የተለመዱ ሁለት ልማዶች፣ ማለትም ምርመራን በነፃ መስጠትና የመለዋወጫ ግዥን ለባለቤቱ መተው፣ ደንበኛውን የሚጠቅሙ መስለው የጋራዡን ተጠያቂነት የሚያጠፉ መሆናቸውን ይሞግታል። መነሻው በመስኩ የታተሙ ጥናቶችና በከተማዋ በይፋ የሚታይ አሠራር ናቸው።

በእምነት ብቻ የሚገዛ አገልግሎት

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ በማያውቅበት ገበያ ላይ ምን እንደሚደርስ ለማሳየት ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ግን ጊዜ ይወስድበት እንደሆነ እንጂ የገዛው ነገር ምን እንደሆነ በመጨረሻው ያውቃል። በዚያው ዓመት ፊሊፕ ኔልሰን ሸቀጦችን ከመግዛት በፊት በፍለጋ የሚለዩና ከገዙ በኋላ በተሞክሮ የሚለዩ ብሎ ከፈላቸው። ማይክል ዳርቢ እና ኤዲ ካርኒ በ1973 እ.ኤ.አ. ሦስተኛ ወገን ጨመሩ፤ ከተጠቀሙበትም በኋላ ጥራቱና አስፈላጊነቱ የማይታወቅ፣ በእምነት ብቻ የሚገዛ ነገር። የመኪና ጥገና ከዋና ዋና ምሳሌዎቻቸው አንዱ ነበር። የጽሑፋቸው ርእስ ስለ ነፃ ውድድርና ስለ «ተመጣጣኝ» የማጭበርበር መጠን የሚናገር መሆኑ ብዙ አንባቢ ፈገግ ያሰኛል፤ ይዘቱ ግን ቀልድ አይደለም። ባለሙያው መርማሪም ጠጋኝም ሲሆን፣ ማለትም የሚያስፈልገውን የሚወስነውና የሚያስፈልገውን የሚሸጠው አንድ ሰው ሲሆን፣ ውድድር ብቻውን ማጭበርበርን አያጠፋም።

ኡቬ ዱሌክ እና ሩዶልፍ ከርሽባመር በ2006 እ.ኤ.አ. በዚህ መስክ የተጻፈውን ሲያጠቃልሉ ሦስት የተለያዩ ጥፋቶችን ለይተዋል፤ ከሚገባው በላይ መጠገን፣ ከሚገባው በታች መጠገን፣ ያልተሠራን ሥራ እንደተሠራ አድርጎ ማስከፈል። የእነዚህ መለየት ለተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ለባለ መኪናም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ያልተሠራን ማስከፈል የሚከለከለው ደንበኛው የተሠራውን ማየትና ማረጋገጥ ሲችል ነው። ከሚገባው በታች መጠገን የሚከለከለው ጋራዡ ለውጤቱ ተጠያቂ ሲሆን ነው። ከሚገባው በላይ መጠገን ግን በሁለቱም አይገታም፤ ሥራው በእርግጥ ተሠርቷል፣ መኪናውም በእርግጥ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚያግዘው የዋጋው አወቃቀር ነው፤ ባለሙያው ትንሹን ሥራ ቢያዝም ትልቁን ቢያዝ የሚያገኘው ትርፍ ተቀራራቢ ከሆነ ያለ ምክንያት ትልቁን የሚያዝበት ፍላጎት አይኖረውም።

በአዲስ አበባ የእውቀቱን ክፍተት የቋንቋው ክፍተት ያሰፋዋል። የጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያንኛ ብዙ ቃላትን ወርሷል፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፓራውልት፣ ጎሚስታ። በእነዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ የመጡት ይደረባሉ። ቃላቱ ለባለሙያዎቹ ግልጽና ምቹ ናቸው፤ ለደንበኛው ግን ጆሮ ብቻ የሚለያቸው ስሞች ናቸው። «የካምቢዮው ኩሽኔታ አልቋል» ሲባል ኩሽኔታ የት እንዳለ፣ ማለቁ በምን እንደሚታወቅ የሚጠይቅ ደንበኛ ጥቂት ነው። ያልገባውን መጠየቅ አላዋቂነትን መግለጥ፣ አላዋቂነትን መግለጥ ደግሞ ዋጋ ማስጨመር ይመስለዋል።

ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። ሜገን ቡሴ፣ አየሌት እስራኤሊ እና ፍሎሪያን ዜትልማየር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በአሜሪካ ወደሚገኙ ጋራዦች እየተደወለ የራዲያተር መቀየሪያ ዋጋ እንዲጠየቅ አድርገው ነበር። ዋጋውን ፈጽሞ እንደማያውቁ ከተናገሩት መካከል ለሴቶች የተነገረው ዋጋ ለወንዶች ከተነገረው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ደዋዮቹ የሚጠብቁትን ዋጋ ሲጠቅሱ ግን በሴትና በወንድ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ጋራዦቹ ዋጋ የሚጨምሩት በጾታው ላይ ሳይሆን አያውቅም ተብሎ በተገመተው ሰው ላይ ነበር ማለት ነው።

የነፃ ምርመራ ዋጋ

በከተማዋ አብዛኛው ጋራዥ መኪናን «ለማየት» አያስከፍልም። ደንበኛው ገብቶ ችግሩን ይናገራል፤ መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ቆሻሻውን ይጠርጋል፣ ይነካካል፣ ከዚያ ይፈርዳል። ለዚህ ጊዜና እውቀት ክፍያ ቢጠይቅ ደንበኛው ይቀየማል፤ «ገና ምንም ሳትሠራ?» ይባላል። ክፍያ የሚመጣው በእጅ ዋጋ ነው፤ የእጅ ዋጋ ደግሞ በሥራው ትልቅነት ይተመናል።

የዚህ ልማድ ውጤት በቀላሉ ይታያል። ጥሩ ምርመራ ጊዜ ይፈጃል። ከላይ በተነሣው ምሳሌ፣ መካኒኩ በመጀመሪያ የማቀዝቀዣውን ክፍል በአየር ግፊት ሞልቶ የሚያፈስ ቦታ መኖሩን ማየት፣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ በሞቀ ውሃ ውስጥ መከፈቱን መፈተን፣ ማራገቢያው በወቅቱ መነሣቱን መጠበቅ፣ በመጨረሻም የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ራዲያተሩ ውሃ መግባት አለመግባቱን በመመርመሪያ ፈሳሽ ማረጋገጥ ይገባው ነበር። ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ማለት ይህ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሠርቶ ጥፋቱን በክዳኑ ላይ ያገኘ መካኒክ ምን ይከፈለዋል? ክዳን ለመቀየር የእጅ ዋጋ መጠየቅ ያሳፍራል። ግማሽ ቀን የፈጀው እውቀቱ በሻይ ዋጋ ይሸኛል። በሁለት ደቂቃ «ይውረድ» ያለው ጎረቤቱ ግን የሦስት ቀን ሥራ አገኘ። ስለዚህ ነፃ ምርመራ የሚቀጣው በጥንቃቄ የሚመረምረውን ነው፤ በሽታ ካላገኘ ዋጋ የማያገኝ ሐኪም በሽታ ማግኘቱ አይቀርም። ይህን ለማለት መካኒኩን በክፉ ልብ መጠርጠር አያስፈልግም። በጥርጣሬ መካከል ሲቆም ሚዛኑን ወደ ትልቁ ሥራ የሚያዘነብለው ኑሮው ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ጥፋትም ከዚሁ ይመነጫል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልና መኪናውን ያለ እሱ መስደድ በጋራዦች የታወቀ «መፍትሔ» ነው። መለኪያው ይወርዳል፤ ደንበኛው ይደሰታል። ሞተሩ ግን ወደ ተገቢው የሥራ ሙቀት ቶሎ ስለማይደርስ ነዳጅ ያበዛል፣ ውስጡም ያለጊዜው ይበላል፤ የተደፈነው ራዲያተርም እንደተደፈነ ይቆያል። ይህ ከሚገባው በታች መጠገን ነው። ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ወራት በኋላ ስለሆነ ማንም ከዚያ ቀን ጥገና ጋር አያገናኘውም።

ስለ ክፍያ አወቃቀር ከሚነሡት የውጭ ምሳሌዎች አንዱ የካሊፎርኒያ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የግዛቲቱ የመኪና ጥገና ተቆጣጣሪ ቢሮ በስውር መኪናዎችን እየላከ ባደረገው ምርመራ አንድ ታላቅ የችርቻሮ ድርጅት በጥገና ማዕከላቱ አላስፈላጊ ጥገና ይሸጥ እንደነበር ከሰሰ። ከክሱ በኋላ ድርጅቱ ለደንበኛ አማካሪዎቹ ይሰጥ የነበረውን የሽያጭ ኮሚሽን አስቀረ። ትኩረት የሚስበው ተቋሙ ትንሽና ስም የለሽ ጋራዥ አለመሆኑ ነው። ንጹሕ ወለል፣ የደንብ ልብስና የታወቀ ስም ከክፍያው አወቃቀር አላዳኑትም።

ለምርመራ መክፈል ለአገሩ ልማድ እንግዳ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ መሄዱ የቆየ ሥርዓት ነው። ያ መካኒክ የሚከፈለው ስላየ ነው፤ ግዥው ቢፈጸምም ባይፈጸምም ገንዘቡን ያገኛል። «ይቅርብህ» በማለቱ የሚጎድልበት ነገር ስለሌለ ቃሉ ይታመናል። (ደላላው አስቀድሞ ካገኘው በቀር።) ያው ባለቤት መኪናውን ከገዛ በኋላ ሲበላሽበት ግን ለምርመራ መክፈልን እንደ ብልጠት ጉድለት ያየዋል።

ዕቃው የማን ነው?

ሁለተኛው ልማድ የመለዋወጫ ግዥ ነው። መካኒኩ የሚያስፈልገውን በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ብቻውን ወይም ከጋራዡ ረዳት ጋር ወደ መርካቶ፣ በተለይም ወደ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። «ኦርጂናል ነው ወይስ ኮፒ?» ይባላል፤ ዋጋው በሁለትና በሦስት እጥፍ ይለያያል፤ ማሸጊያው ግን ተመሳሳይ ነው። ባለቤቱ ይህን ድካም የሚቀበለው ጋራዡ በዕቃው ላይ እንዳያተርፍበት ነው። የሒሳቡ ግማሽ በእጁ የቀረ ይመስለዋል።

ሁለት ነገሮች ግን ከእጁ ይወጣሉ። አንደኛው ጥቂት ነው፤ አብሮት የሄደው ሰው ከሱቁ የሚያገኘው ኮሚሽን። መካኒኩ «ከእገሌ ሱቅ ግዛ» ሲል ምክሩ ከልምድ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከኮሚሽንም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ነው። ሁለተኛው እጅግ የከበደ ነው፤ ተጠያቂነት። ከሳምንት በኋላ አዲሱ የፍሬን ሸራ ቢጮኽ ወይም አዲሱ የውሃ ፓምፕ ቢያፈስ መካኒኩ «ዕቃው ነው» ይላል። ሱቁ «አገጣጠሙ ነው» ይላል፤ ከጀርባውም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። ባለቤቱ ዕቃን ከሥራ ለይቶ በመግዛቱ ሁለቱን የሚያገናኘው ኃላፊነት በእሱ ላይ ወድቋል፤ ከሦስቱም መካከል ስለ ነገሩ የሚያውቀው ትንሹ እሱ ሆኖ ሳለ። በዱሌክና ከርሽባመር ቋንቋ፣ ያልተገባ ክፍያን የማረጋገጥ አቅም ገዝቶ የውጤት ተጠያቂነትን ሸጧል። ጋራዡ በዕቃው ላይ መጠነኛ ትርፍ ይዞ ለዕቃውም ለሥራውም በአንድነት ቢጠየቅ የተሻለ ስምምነት በሆነ ነበር። በውድ ተገዝቶ ዋስትና ያለው ዕቃ ያለ ዋስትና በርካሽ ከተገዛው ይረክሳል፤ ይህን ለማየት ግን ሁለተኛው ጥገና መምጣት አለበት።

የግቢው አደረጃጀት ይህን ያባብሰዋል። በከተማዋ «ጋራዥ» የሚለው ቃል አንዳንዴ የሚያመለክተው ድርጅትን ሳይሆን ግቢን ነው። በአንድ በር ውስጥ ሞተር የሚሠራው፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ ላሜራ የሚያቃናው፣ ቀለም የሚቀባው እያንዳንዱ ለራሱ ይሠራል፤ የግቢው ባለቤት የቦታ ኪራይ ይሰበስባል። ለደንበኛው አንድ ጋራዥ ይመስለዋል። ችግር ሲመጣ ግን መካኒኩ ወደ ኤሌክትሪኩ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ መካኒኩ ይጠቁማል። በበሩ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ለሥራው ይጠየቅ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ከማንኛውም የዋጋ ክርክር ይቀድማል።

አሮጌውን ዕቃ መልሶ መቀበልም በተለምዶ የሚመከር ጥንቃቄ ነው። ጠቃሚ ነው፤ ወሰኑ ግን መታወቅ አለበት። አሮጌው ዕቃ መቀየሩን ያስረዳል እንጂ መቀየር እንደነበረበት አያስረዳም። አንዳንድ መካኒክ አሮጌውን ለመመለስ ማመንታቱም ሁልጊዜ የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ ብረቱ ለቆራሌው የሚሸጥ የረዳቶች ጥቅም ሊሆን ይችላል።

ትውውቅ፣ አደራና ተደጋጋሚ ደንበኝነት

የከተማዋ ነዋሪ ለዚህ ሁሉ ያለው መልስ «የራስ መካኒክ» መያዝ ነው። መካኒኩ በዘመድ ወይም በሥራ ባልደረባ ይገኛል፣ በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰህ ይባላል፣ መኪናው ሲሰጠው «አደራ» ይባላል። ክሊፎርድ ጊርትዝ በሞሮኮ ሰፍሩ ከተማ ገበያ ላይ ተመሥርቶ በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው መረጃ ውድ በሆነበት ገበያ ገዥና ሻጭ ተጣምረው መቆየታቸው ኋላ ቀርነት ሳይሆን የመረጃን ወጪ የመቀነሻ ብልሃት ነው። የአዲስ አበባው የራስ መካኒክም እንዲሁ ነው፤ የመኪናውን ታሪክ ያውቃል፣ ባለፈው ዓመት ምን እንደተቀየረ ያስታውሳል፣ በሌሊት ቢደወልለት ያነሣል።

ነገር ግን ትውውቅ ምን እንደሚጠብቅና ምን እንደማይጠብቅ መለየት ያስፈልጋል። አደራ በመሠረቱ የተሰጠን ነገር ጠብቆ የመመለስ ግዴታ ነው። መካኒኩ ጎማውን እንዳይለውጥ፣ ቤንዚኑን እንዳይቀዳ፣ ባትሪውን በአሮጌ እንዳይተካ አደራ ሊያስረው ይችላል። የተሳሳተ ምርመራን ግን አደራ አያቀናውም፤ ለማያውቀው ነገር ታማኝ መሆን አይቻልምና። ትውውቁ እየጠነከረ ሲሄድ ደግሞ መጠየቅ ይከብዳል። ደረሰኝ መጠየቅ እንደ ጥርጣሬ፣ ሌላ ጋራዥ ሄዶ ሁለተኛ አስተያየት መያዝ እንደ ክህደት ይቆጠራል። አሸር ዎሊንስኪ በ1993 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ትንተና የባለሙያን ሐቀኝነት ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ደንበኛው ወደ ሌላ ሄዶ ሊያስመረምር መቻሉ ነበር። የራስ መካኒክ የሚያስቀረው ይህንኑ በር ነው።

በመስክ የተደረገ ሙከራም ለትውውቅ ብዙ ተስፋ አይሰጥም። ሄንሪ ሽናይደር በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የላላ የባትሪ ገመድና የጎደለ የማቀዝቀዣ ውሃን ጨምሮ ጥፋቶቹ አስቀድመው የታወቁ መኪና ወደ ተለያዩ ጋራዦች ወስዷል፤ በአንዳንዱ ዳግመኛ የማይመለስ መንገደኛ፣ በሌላው ተመላልሶ ሊመጣ የሚችል የሰፈር ሰው መስሎ ቀርቧል። ከሚገባው በላይም በታችም መጠገን በሰፊው ታየ፤ የተመላላሽ ደንበኝነት ተስፋም የጥገና ምክሩን ያን ያህል አላሻሻለውም። ግልጽ ጥፋቶች ሳይታዩ የቀሩባቸው ጉብኝቶች መኖራቸው ችግሩ የልብ ብቻ ሳይሆን የዓይንና የእጅም መሆኑን ያሳያል። ውጤቱ የአሜሪካ ነው፤ የአዲስ አበባው ትስስር ከዚያ ይልቅ ጥብቅ ስለሆነ እንዲሁ ሊወሰድ አይገባም። ቢሆንም «ደንበኛው ስለሆንኩ አያታልለኝም» የሚለው እምነት ማስረጃ እንደሚፈልግ ያስገነዝባል።

መሥሪያ ቤቶችና የመድን ድርጅቶች በትውውቅ ፈንታ ፕሮፎርማ ያሰባስባሉ። ለግጭት ጉዳት ይህ ዘዴ በቂ ነው፤ የተሰበረው መብራትና የተጨመተረው ፓራውልት በዓይን ስለሚታይ ሁሉም ጋራዥ ዋጋ የሚሰጠው ለአንድ ዓይነት ዝርዝር ነው። ለተሰወረ የሞተር ችግር ሲውል ግን ፕሮፎርማው የሚያወዳድረው ሦስት የተለያዩ ግምቶችን ነው። ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ምናልባት ቴርሞስታቱን አውጥቶ ሊጥል ያሰበው ይሆናል።

የሥራ ማዘዣው ቃላት

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1952 ዓ.ም.፣ በአንቀጽ 2610 አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላውም ለዚያ ዋጋ ለመክፈል የሚገቡትን ውል ይደነግጋል። የመኪና ጥገና በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ሲታይ ጥያቄው «ውጤቱ ምንድን ነው?» የሚል ይሆናል። በሥራ ማዘዣው ላይ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቀየር» ተብሎ ከተጻፈ ጓርኒሲዮኑ በተቀየረ ጊዜ ውሉ ተፈጽሟል፤ መኪናው ቢሞቅም። «መኪናው በአቀበትና በመጨናነቅ ይሞቃል፤ ምክንያቱ ተገኝቶ መሞቁ ይቁም» ተብሎ ከተጻፈ ግን ውጤቱ የመሞቁ መቆም ነው። በመጀመሪያው አጻጻፍ የምርመራው ስሕተት የባለቤቱ ኪሳራ ነው፤ በሁለተኛው የጋራዡ። በአብዛኛው ግን ማዘዣ የሚባል ወረቀት ራሱ የለም፤ በቃል ይነገራል፣ በቃል ይካዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። መብቱ ክርክር ላይ የሚቆመው ግን የተጻፈ ነገር ሲኖር ነው።

እንግዲህ ምርጫው የሚጀምረው መኪናው ከመበላሸቱ በፊት፣ ለምሳሌ ዘይትና ፊልትሮ ለመቀየር በሚወሰድበት ቀን ነው። ያን ቀን የሚጠየቁት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ለምርመራ ብቻ ተከፍሎ ጥገናውን ለማሰብ መውጣት ይቻላል ወይ? ዕቃውን ጋራዡ ገዝቶ ለስንት ጊዜ ይዋሳል? በግቢው ውስጥ የሚሠራው ሁሉ የሚጠየቀው በአንድ ሰው በኩል ነው ወይ? ችግሩ፣ የተደረገው ፈተናና የተገኘው ነገር በጽሑፍ ይሰጣል ወይ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰምቶ የሚስቅ ጋራዥ ብዙ ነው። «ይቻላል፤ የምርመራው ይህን ያህል ነው፤ እኛ ጋ ካሠራህ ይታሰብልሃል» የሚል ከተገኘ፣ ዋጋው ከሌሎች ከፍ ቢልም፣ ቢያንስ በሽታ ሳያገኝም የሚኖርበት መንገድ አለው። የንግድ ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ መኖሩን ማየት አይጎዳም፤ የዓመቱን የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍ ግን ጋራዡ በደንብ ለመሥራቱ ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ምርመራው የሚጠይቀው በዚያ ሰዓት መኪናው ለመንገድ ብቁ መሆኑን ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና መምጣት

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በከተማዋ የኤሌክትሪክ መኪና ቁጥር እየጨመረ ነው። ራዲያተርና ጓርኒሲዮን የሚሉት ቃላት ቀስ በቀስ በሌሎች ይተካሉ፤ የተነሣው ችግር ግን በአዲስ መልክ ይመለሳል። መካኒኩ በጆሮው የሚሰማው የሞተር ድምፅ የለም፤ ፍርዱን የሚሰጠው ከመኪናው ጋር በገመድ በተያያዘ ኮምፒዩተር አማካይነት ነው። መሣሪያው የሚያወጣው የስሕተት ቁጥር የትኛው ምልክት እንደተዛባ ይናገራል እንጂ ለምን እንደተዛባ አይናገርም። ለደንበኛው ግን በስክሪን የታየ ቁጥር ከመካኒክ ቃል ይልቅ የማይከራከሩት እውነት ይመስለዋል።

የባትሪው ጉዳይ ልዩነቱን እጅግ ያሰፋዋል። አንድ የመኪና ባትሪ በብዙ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ስለሆነ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ሲደክሙ፣ አንዳንዴም የላላ መገናኛ ብቻ ሲሆን፣ መኪናው በሙሉ እምቢ ሊል ይችላል። ክፍሉን ፈልጎ ማግኘት ጊዜ፣ ልዩ መሣሪያና በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የመሥራት ሥልጠና ይጠይቃል፤ «ባትሪው ሞቷል» ማለት ግን አሁንም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሙሉ ባትሪ የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ በሚይዝበት ሁኔታ፣ ክፍሉን ለይቶ ለማግኘት የሚውለውን ቀን ማን እንደሚከፍል ገና ሳይወሰን አዳዲስ ጋራዦች እየተከፈቱ ነው።